ቤትና ስውር ነውሩ

ሀ. ከንባብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ በቃል ተወያዩባቸው።

1. አንድ ሰው በሬ ወይም በቅሎ ሲገዛ ስለ ከብቱ ምን ምን ይጠይቃል? ሻጩስ ሳይጠየቅ ሊናገረው የሚገባ ነገር አለ?
2. «ነውር» የሚለው ቃል በስንት ልዩ ልዩ ፍች ሲነገር ሰምታችኋል?
3. የሚያውቀውን ሳይናገር ዝም ያለ ሰው «ዋሸ» ሊባል ይችላል?

ለ. ንባብ

የቤት አመል

በከብት ገበያ አንድ የቆየ ልማድ አለ። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ጥቂት ርምጃም ያስኬደዋል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ወደ ባለቤቱ ዘወር ብሎ «አመሉስ?» ሲል ይጠይቃል። ጥርስና ሻኛ በዓይን የሚታዩ ናቸው፤ አመል ግን ከብቱን ያሳደገው ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። በሬው ቀንበር ሲጭኑበት የሚተኛ ወይም ሰው የሚወጋ እንደ ሆነ ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ሻጩ እውነቱን ሲነግረው ነው፤ አለዚያ እርሻው ላይ ሲደርስ ይረዳዋል።

ቤትም እንደ ከብት የራሱ አመል አለው። ግድግዳው የተለሰነ፣ በሩ የተወለወለ፣ ግቢው የተጠረገ ቤት ላይ ላዩን ሲያዩት እንከን የሌለበት ይመስላል። ጣሪያው የት ቦታ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ማእዘን በክረምት እንደሚርስ፣ የትኛው ቋሚ በምስጥ እንደ ተበላ የሚያውቀው ግን ክረምትና በጋ የተፈራረቀበት ነባር ነዋሪ ነው። ገዢው ቤቱን የሚያየው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሻጩ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖሮበታል። ከዚህም በላይ አብዛኛው ሰው ቤት የሚገዛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። ለዚህ አንድ ጊዜም የብዙ ዓመት ቍጠባውን ያፈስበታል። ስለዚህ በቤት ሽያጭ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን በሌላ ጊዜ ለማረም ዕድል አያገኝም።

ስውር ነውር የሚባለው በተራ ጥንቃቄ ሲመረመር የማይታይ፣ ቢታወቅ ኖሮ ግን ገዢው ቤቱን የማይገዛበት ወይም በዚያ ዋጋ የማይገዛበት ጉድለት ነው። የተሰበረ መስኮት ስውር ነውር አይደለም፤ ማንም ያየዋል። በአዲስ ልስን የተሸፈነ አሮጌ ስንጥቅ ግን ስውር ነውር ነው።

አሮጌ ቤት ጉድለቱን የሚሰውርባቸው ቦታዎች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ እጅግ ብዙ የመኖሪያ ቤቶች የተሠሩት በእንጨትና በጭቃ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግና ቀጥ ያለ በመሆኑ ለቋሚ፣ ለማገርና ለወራጅ ዋና እንጨት ሆነ። የቤቱም አሠራር ቀላል ነው። መሬቱ ተቈፍሮ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ ቋሚዎቹ በማገር ይያያዛሉ፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግባቸዋል፤ ምርጊቱ ሲደርቅ ይለሰናል፤ በመጨረሻም ኖራ ወይም ቀለም ይቀባል። በሚገባ የተሠራና በየጊዜው የሚጠገን የጭቃ ቤት የልጅ ልጅ እስኪወርሰው ድረስ ሊቆም ይችላል። ዋና ጠላቱ ውሃ ነው።

የመጀመሪያው የነውር መሰወሪያ የቋሚው እግር ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረው የእንጨቱ ክፍል በርጥበት ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። ምስጥ ብርሃን ስለሚሸሽ እንጨቱን የሚበላው ከውስጥ ነው። ላዩ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። ቋሚው በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ባዶ ቅል እንደ መምታት የሆነ እንደ ሆነ እንጨቱ ተበልቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው መሰወሪያ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዝገው በምስማሩ ቀዳዳ ዙሪያ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ በኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይተዋል። በአሮጌ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ኮርኒስ ተለብጦለት ሲታይ ገዢው «ስለ ምን ይህ ክፍል ብቻ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ይሰነጠቃልም። በአዲስ አበባ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ክፍል ይህ አፈር በብዛት ይገኛል። ጥልቅ መሠረት ያልወጣለት ቤት በመረሬ ላይ ሲሠራ በየዓመቱ ይነሣል፤ በየዓመቱም ይወርዳል። በመስኮትና በበር ማእዘን ላይ እየሰያፈ የሚወጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የመሠረት መናወጥ ምልክት ነው።

አራተኛው የተደፈነ ጉድጓድ ነው። በጠባብ ግቢ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ ሌላ ይቈፈራል፤ አሮጌው በአፈርና በድንጋይ ይደፈናል። ከዓመታት በኋላ ቤተ ሰቡ ሲበዛ በዚያው ላይ ተጨማሪ ክፍል ይቀጠላል። የተደፈነ አፈር ግን ተጠቅጥቆ እንደ ኖረ መሬት አይጸናም፤ እያደር ይሰምጣል።

ከእነዚህ ሌላ በዓይንም በመዶሻም የማይገኝ የወረቀት ነውር አለ። ቤቱ ለባንክ ብድር መያዣ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ያልተጠሩ ወራሾች ሊኖሩበት ይችላሉ። የውሃና የኤሌክትሪክ ውዝፍ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ስለሚያዝ፣ ከባልና ሚስት አንዱ ብቻ የፈረመበት ሽያጭ ለክርክር የተጋለጠ ነው።

የአንድ ቤት ታሪክ

የሚከተለው ታሪክ ለምሳሌ የቀረበ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ብዙ ዓመት በኪራይ ቤት ኖረ። ከደመወዙ የቈጠበውን፣ ከዕቁብ የደረሰውንና ባለቤቱ ከአባቷ የወረሰችውን ገንዘብ ደምሮ በጉለሌ አካባቢ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ለመግዛት ተነሣ። ሻጭዋ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው ወደምትኖርበት ወደ ደብረ ብርሃን ሄደው ለመጦር ቈርጠዋል።

ቤቱ የታየው በመጋቢት ነበር። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። መምህሩ ክፍሎቹን እየተዘዋወረ ተመለከተ። ከምሥራቅ በኩል ወለሉ ጣውላ የሆነ አንድ ክፍል ነበር፤ በውስጡም ከሁለት ባዶ ጎታዎችና ከአንድ ሳጥን በቀር ምንም ዕቃ አልነበረበትም።

«እማማ፣ ቤቱ ጠንካራ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ባለቤቴ በገዛ እጁ የሠራው ቤት ነው፣ ልጄ» አሉ ሻጭዋ።

መምህሩ በመልሱ ረካ።

በውሉ ላይ፣ «ገዢ ቤቱን አይቼና ወድጄ ባለበት ሁኔታ የተረከብሁ ስለ ሆነ ወደፊት በሻጭ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» የሚል ቃል ሰፍሮ ነበር። መምህሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ። ደላላው ግን፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ የደንብ ነው፤ የሌለበት ውል የለም» አለው። ፈረመ። ገንዘቡም ተከፈለ። ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ሄደ።

በሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት ዝናቡ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ያለ ማቋረጥ ጣለ። በአራተኛው ቀን ጧት በምሥራቁ ክፍል ከወለሉ ጥግ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ የወጣ ስንጥቅ ታየ። መምህሩ የተነቃነቀውን ልስን በጣቱ ሲነካው ቅርፊቱ ወደቀ። ከሥሩ ሌላ ልስን፣ ከዚያም ሥር ሌላ ልስን ተገኘ። በእያንዳንዱ ላይ ያው ስንጥቅ በሲሚንቶ ተደፍኖ ነበር።

ከአጥር ማዶ የምትኖር ጎረቤት ይህን አይታ፣ «ያ ግድግዳማ በየክረምቱ ይሰነጠቅ ነበር፤ ሟቹም በየመስከረሙ ይለስኑት ነበር» አለች።

መምህሩ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግሥቱ የግድግዳውን ፎቶግራፍ አነሣ፤ ያየውን ጉድለትና ያየበትን ቀን ዘርዝሮ ለሻጭዋ ደብዳቤ ጻፈ፤ ግልባጩንም አስቀረ። የሥራ ባልደረባው በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መከረው። ባለቤቱ ግን፣ «አስቀድሞ በሽማግሌ ይታይ፤ ክሱ የትም አይሄድም» አለችው። ስለዚህ የዕድሩ ሽማግሌዎች ተለመኑ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ነበሩ።

በነሐሴ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ሻጭዋ ከደብረ ብርሃን መጥተው በሸጡት ቤት ሳሎን ውስጥ በእንግድነት ተቀመጡ። ቡና ተፈላ። መምህሩ አቤቱታውን አሰማ።

«እኔ አልዋሸሁም» አሉ ሻጭዋ። «ስለ ግድግዳው ማን ጠየቀኝ? ባለቤቴ የሠራው ቤት ነው አልሁት፤ እውነት ነው። ደግሞስ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ ብሎ ፈርሞ የለም?»

የቀድሞው ጸሐፊ ውሉን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እመቤቴ፣ የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የተጠየቁት ቤቱ ጠንካራ መሆኑን ነው፤ የመለሱት ማን እንደ ሠራው ነው። ይህ ልጅ የፈረመበት ቃል ደግሞ እርስዎም እርሱም ላላወቃችሁት ነገር ይሠራል። ሻጭ እያወቀ ለሸፈነው ነገር ግን አይሠራም፤ ሕጉ እንዲህ ያለውን ቃል ዋጋ ያሳጣዋል» አሉ። ወደ መምህሩም ዞር ብለው፣ «አንተም ብትሆን በፀሓይ ወር የተቀባ ግድግዳ አይተህ ጎረቤት ሳትጠይቅ ፈረምህ። በግልጽ የሚታይ ነውር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጥያቄ አይኖርህም ነበር» አሉት።

መምህሩ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ሻጭዋ መልስ አልሰጡም። በዚህ ጊዜ ከሦስቱ ልጆች ታናሽዋ ከምሥራቁ ክፍል አሻንጉሊትዋን ይዛ ወጣች። አዛውንትዋ ልጅቱን ትክ ብለው ተመለከትዋት።

«ልጆቹ የት ነው የሚተኙት?» ሲሉ ጠየቁ።

«እዚያው ክፍል ነዋ፤ ሦስቱም» አለች የመምህሩ ባለቤት።

አዛውንትዋ የያዙትን ሲኒ አስቀመጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ከዚያ ወለል ሥር ጉድጓድ አለ» አሉ። «ባለቤቴ ያችን ክፍል ሳይቀጥል አሮጌው ሽንት ቤት እዚያ ነበር። በድንጋይና በአፈር ደፍኖ ጣውላ አነጠፈበት። ግድግዳው የሚሰነጠቀው የተደፈነው አፈር በየክረምቱ ስለሚሰምጥ ነው። በሕይወቱ ሳለ ሰው እንዲተኛበት አይፈቅድም ነበር፤ የእህል ጎታ ብቻ ነበር የምናኖርበት። ዛሬ ስለ ግድግዳው ብቻ ስትናገሩ ይህንንም ዝም ብዬ ልሄድ ነበር።»

ቤቱ ጸጥ አለ። መምህሩ ተነሥቶ መዶሻ አመጣ። ከጥጉ ሁለት ጣውላ ሲነቅል ከሥሩ ጨለማ ታየ። ረጅም እንጨት አስገብተው ቢለኩት ከጣውላው እስከ ሰመጠው አፈር ድረስ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ነበር። ጣውላውን የተሸከሙት ሁለት ወራጆች ነበሩ፤ አንደኛው ወራጅ በምስጥ ተበልቶ እንደ ደረቅ እንጀራ በእጅ ይፈረፈር ነበር። በዚያኑ ምሽት የልጆቹ አልጋ ወደ ሳሎን ተዛወረ።

ዕርቁ በሚቀጥለው እሑድ ተጻፈ። ሻጭዋ ጉድጓዱን በድንጋይ ለማስደፈንና የምሥራቁን ግድግዳ ከመሠረቱ ለማሠራት የሚያስፈልገውን ወጪ ከተቀበሉት ዋጋ ሊመልሱ ተስማሙ። መምህሩም ቤቱን የመመለስ ጥያቄውን ተወ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሻጭዋን ወደ አውቶቡስ መሳፈሪያ እየሸኙ፣ «ባይናገሩት ማንም አያውቅም ነበር፤ ስለ ምን ተናገሩ?» ብለው ቢጠይቁ፣ «እኔ ግድግዳ የሸጥሁ መስሎኝ ነበር፤ ልጆች እንደሚተኙበት አላሰብሁም» ሲሉ መለሱላቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ስለ ሽያጭ የሚናገረው ክፍሉ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በቍጥር 2287 እንደ ተደነገገው ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ኃላፊ ነው። ይህ አጠቃላይ የሽያጭ ደንብ፣ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ከተጻፉት ልዩ ደንቦች ጋር፣ ለቤት ሽያጭም ያገለግላል።

የገዢውም መብት ወሰን አለው። በውል ጊዜ ጉድለቱን ያውቅ ከነበረ፣ ወይም ጉድለቱ ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ግልጽ ነገር ከነበረ ሻጩን ሊጠይቅ አይችልም። የተረከበውን ነገር ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል። የሚያገኘው መብትም በጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ ዝም ብሎ የቆየ ሰው መብቱን ያጣል። ተዋዋዮች የሻጩን ኃላፊነት በውል ለመቀነስ ወይም ለማስቀረት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ሸሽጎ እንደ ሆነ እንዲህ ያለው የውል ቃል ዋጋ የለውም። አዲስ ሕንጻ የሠራ ተቋራጭ ደግሞ ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ኃላፊ ነው። አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ግን ይህ ዓይነቱ መከታ ብዙ ጊዜ ስለማይኖረው ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት።

የቤት ሽያጭ በቃል አይጸናም። በቍጥር 2877 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ፈራሽ ነው። በቍጥር 1723 መሠረትም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። ከዚህም ጋር በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ከሆነ ወዲህ በከተማ መሬት አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ሕንጻውን ስለ ሆነ፣ ሕንጻው ስውር ነውር ካለበት የገዛው ነገር ራሱ ጐድሏል ማለት ነው።

የገዢና የሻጭ ድርሻ

ገዢው ሊያደርገው የሚገባው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። ቤቱን ቢቻል ከዝናብ በኋላ ማየት፤ ካልተቻለም ሁለትና ሦስት ጊዜ በተለያየ ሰዓት ማየት፤ ልምድ ያለው ግንበኛና አናጢ ይዞ መሄድ፤ ቋሚዎቹን በመዶሻ መምታት፤ ከኮርኒሱ በላይ በመብራት መመልከት፤ ውሃ የሚፈስበትን አሸንዳና ቦይ መከተል፤ ጎረቤት መጠየቅ ነው። የቤቱን ካርታ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥና በዕዳ ያልተያዘ መሆኑን መጠየቅም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሻጩን ሲጠይቅ «ቤቱ ደኅና ነው?» በማለት ፈንታ፣ «ባለፈው ክረምት የትኛው ክፍል አፈሰሰ? የተደፈነ ጉድጓድ የት አለ? ይህ ግድግዳ መቼ ተለሰነ?» ብሎ በዝርዝር ቢጠይቅ ይሻላል። የተሰጠውንም መልስ በውሉ ውስጥ ያስጽፈው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

የሻጩ ድርሻ ከዚህ ያጠረ ነው። የሚያውቀውን መናገር ነው። ነውሩን የተናገረ ሻጭ ምናልባት ከዋጋው ጥቂት ይቀንስበት ይሆናል፤ ነገር ግን የሸጠውን ሸጦ በሰላም ይሄዳል። ነውሩን የሸሸገ ሻጭ የሚያተርፈው ጊዜን ብቻ ነው፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ በመጋቢት የተሸፈነው ስንጥቅ በሐምሌ ይገለጣል።

ሐ. መልመጃ

መልመጃ 1፦ ንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ቤት ከከብት ጋር የተነጻጸረው በምን ምክንያት ነው?
2. ምስጥ የበላው ቋሚ ላዩን ሲያዩት ጤናማ የሚመስለው ስለ ምንድን ነው?
3. በመረሬ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ለምን ይሰነጠቃል?
4. መምህሩ ቤቱን ሲያይ በምሥራቁ ክፍል ውስጥ ያየው ነገር ምን ሊያሳስበው ይገባ ነበር?
5. «ባለቤቴ በገዛ እጁ የሠራው ቤት ነው» የሚለው መልስ እውነት ሆኖ ሳለ ገዢውን እንዴት ሊያሳስት ቻለ?
6. ሻጭዋ ያልተጠየቁትን እንዲናገሩ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ከንባቡ ማስረጃ ጥቀሱ።
7. መምህሩ ስንጥቁን ባየ ማግሥት ያደረጋቸው ነገሮች በሕግ በኩል ምን ጥቅም ይኖራቸዋል?

መልመጃ 2፦ የሚከተሉት ቃላት በንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ጻፉ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ነውር፣ አመል፣ ቋሚ፣ ማገር፣ ምርጊት፣ ልስን፣ ጎታ፣ ውዝፍ፣ መያዣ፣ ተረከበ፣ መጦር

መልመጃ 3፦ ሰዋስው

«ሰነጠቀ» አድራጊ፣ «ተሰነጠቀ» ተደራጊ፣ «አሰነጠቀ» አስደራጊ ግሥ ነው። ተደራጊ ግሥ ያለበት ዓረፍተ ነገር አድራጊውን ሳይጠቅስ ድርጊቱን ብቻ ሊናገር ይችላል። «ግድግዳው በመጋቢት ተቀባ» ሲባል የቀባው ማን እንደ ሆነ፣ ስለ ምንም እንደ ቀባው አይታወቅም።

ሀ) ሸፈነ፣ ለሰነ፣ ደፈነ፣ ቀባ የሚሉትን ግሦች በተደራጊና በአስደራጊ ጻፉ።
ለ) በመምህሩ ውል ላይ የሰፈረውን ቃል እንደገና አንብቡ። ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ማን ድርጊት ነው? ስለ ሻጭዋስ ድርጊት ምን ይላል?
ሐ) ሻጭ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ መናገሩን የሚያረጋግጥ አንድ የውል ቃል በአድራጊ ግሥ ጻፉ።

መልመጃ 4፦ ክርክር

ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፍሎ፣ «ያልተጠየቀ ሻጭ የመናገር ግዴታ የለበትም» በሚለው ርእስ ላይ ይከራከር። እያንዳንዱ ቡድን ከንባቡ ሁለት፣ ከራሱ አስተውሎት ሁለት ምክንያቶች ያቅርብ።

መልመጃ 5፦ ድርሰት

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።

1. አሮጌ ቤታቸውን የሚሸጡ አንድ አዛውንት የቤቱን መልካም ጎንና ነውር አንድ በአንድ ዘርዝረው ለገዢው የሚጽፉት ደብዳቤ።
2. በመምህሩ ታሪክ ውስጥ አዛውንትዋ ስለ ጉድጓዱ ሳይናገሩ ቢሄዱ ኖሮ ሊደርስ የሚችለው ነገር።
3. በምትኖሩበት አካባቢ ከሚገኙ አሮጌ ቤቶች የአንዱ አሠራር፤ ድርሰቱን ከመጻፋችሁ በፊት የአካባቢውን አረጋውያንና አናጢዎች ጠይቁ።